በትር ለውሻ የሚያስተምረው ምንድን ነው?



ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው የሌሊት ብርድ አሰላን በሸፈናት ጊዜ ከየግቢው የውሾች ጩኸት ይሰማል። ጅብን ከበረት፣ ሌባንም ከደጃፍ የሚያርቁልን እነርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ እነዚህን አገልጋዮቻችንን የምናሰለጥነው በምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ በአብዛኛው ዱላና ድንጋይ ይሆናል። «ካልተመታ አይገባውም» ይባላልና። ይህ አባባል እውነት ነውን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልንባርክ በሄድንበት አንድ ቤት የሆነው ነገር ከአሳባችን አልጠፋም። የቤቱ ውሻ ትንሹ ልጅ ወደ ምግቡ በቀረበ ቁጥር ያጉረመርም ነበር። አባወራውም ባጉረመረመ ቁጥር በዱላ መቱት፤ ውሻው ዝም አለ። «አሁን ገባው» ብለው ሲነግሩን እኛም አመሰገንን። ከወራት በኋላ ያው ውሻ አንዳች ድምፅ ሳያሰማ የልጁን ክንድ ነከሰ። ልጁ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ተወግቶ ዳነ፤ ውሻው ግን ተገደለ። ታዲያ ውሻው ከዱላው የተማረው ምን ነበር? መንከስን መተው አይደለም፤ አስቀድሞ ማስጠንቀቅን መተው ነው እንጂ። እኛም ያመሰገንነው ይህንኑ ዝምታ ነበር።

ውሻ ቅጣትን የሚያያይዘው በዚያች ቅጽበት ከሚያየውና ከሚያደርገው ነገር ጋር ነው። ጠዋት ዶሮ ገድሎ ቀትር ላይ ወደ ቤት ሲመለስ ቢገረፍ፣ ወደ ቤት መምጣት ሕመም እንደሚያመጣ ይማራል እንጂ ስለ ዶሮዋ አያስብም። እንዲህ ያለው ውሻ ሲጠሩት ይሸሻል፤ ደጅ ማደርንም ይለምዳል። ደጅ የሚዞር ውሻ ደግሞ ለእብደት በሽታ የተጋለጠ ነው። ይህ በሽታ ሰውንና ከብትን ከመግደሉም በላይ፣ በአርሲና በባሌ ተራሮች ለሚኖረው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር ለማይገኘው ቀይ ቀበሮ ከባድ ሥጋት ነው።

በፖርቱጋል 92 ውሾችን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በቅጣት የሚሰለጥኑት ውሾች በሽልማት ከሚሰለጥኑት ይልቅ ብዙ የጭንቀት ምልክት እንዳሳዩ፣ ከሥልጠናውም በኋላ በምራቃቸው ውስጥ የጭንቀት ሆርሞን ከፍ እንዳለ ገልጸዋል። አባቶቻችንም «ውሻ በበላበት ይጮኻል» አሉ እንጂ «በተመታበት ይጮኻል» አላሉም።

«ታዲያ ውሻን ያለ ሥርዓት እንተወው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ አንልም። መልካም ባደረገባት ቅጽበት ቁራሽ እንጀራ ወይም አጥንት መስጠት፣ ለአንድ ትእዛዝ ሁልጊዜ አንድ ቃል መጠቀም፣ ሲያጠፋ የሚፈልገውን መንሣት፣ ሲያጉረመርም ልጁን አርቆ ምክንያቱን መመርመር፣ ይህ ሁሉ ሥርዓት ነው። ትዕግሥትን ይጠይቃል፤ ዱላ የሚቀናን ግን ብዙ ጊዜ ውሻው ስላልገባው ሳይሆን እኛ ስለተቆጣን ነው።

በመጽሐፈ ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 በለዓም አህያውን ሦስት ጊዜ እንደ ደበደባት እናነባለን። እርስዋ ግን ጌታዋ ያላየውን መልአክ አይታ ከሞት ታድነው ነበር። የሚመታ ሰው እንስሳው የሚነግረውን አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2416 እና 2418 ለእንስሳት ቸርነት እንደሚገባ፣ ያለ አስፈላጊ ምክንያት እነርሱን ማሠቃየትም የሰውን ክብር የሚፃረር እንደ ሆነ ያስተምራል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኩይኖ ደግሞ በእንስሳ ላይ መጨከን በሰው ላይ ወደ መጨከን ሊያደርስ እንደሚችል አስጠንቅቋል።

እናንተ ካቴኪስቶች፣ በዚህ ጉዳይ የምትናገሩት ለልጆች ነው። ውሻው ሲገረፍ ቆመው የሚያዩት እነርሱ ናቸው፤ ጥፋት በምን እንደሚታረምም ከዚያው ይማራሉ። ስለዚህ ስለ ፍጥረት በምታስተምሩበት ቀን ስለ ቤታቸው ውሻ ጠይቋቸው፤ የሚመልሱላችሁንም በትዕግሥት አድምጡ። ለፍጥረቱ ሁሉ የሚራራ እግዚአብሔር እጃችንን ከቁጣ ይጠብቅልን።