የተገዛ ሁሉ የራስ ነውን?

ገንዘብ የተከፈለበት ነገር ሁሉ የከፋዩ ንብረት ይሆናልን?

እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በጎንደር ደጋ ባለርስቱ መሬቱን ያርስ፥ ለልጆቹም ያወርስ ነበር እንጂ እንደ ገበያ ዕቃ አይሸጠውም ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። እንግዲህ መሸጥ አለመቻል ብቻውን በደል አይደለም፤ ገበሬው የያዘው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ያውቃልና።

ወጣቶቻችን የሚወዱት የቪዲዮ ጨዋታ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በዲስክ የተገዛ ጨዋታ እንደ መጽሐፍ ለሌላ ይሰጣል፥ ይሸጣልም። ከኢንተርኔት የሚወርደው ግን «ግዛ» ተብሎ ዋጋው ከተከፈለ በኋላ፥ ውሉ ሲነበብ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ገዢው ለሌላ ሊሸጠው አይችልም፥ ሻጩ ግን ሊዘጋው ይችላል። በ2024 እ.ኤ.አ. ዩቢሶፍት የተባለው ኩባንያ «ዘ ክሩ» የተሰኘውን ጨዋታ በዘጋ ጊዜ የከፈሉት ሁሉ መጫወት ተሳናቸው።

እዚህ ላይ ሰባተኛው ትእዛዝ ይመለከተናል። የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቁ. 2410) ውል በጥብቅ ሊከበር የሚገባው ግዴታው በግብረ ገብ ትክክል እስከ ሆነ ድረስ መሆኑን ያስተምራል። ፈቃድን ብቻ እየሰጡ ሽያጭ ብሎ መጥራት ይህን ፍትሕ ያጎድላል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛትም ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፥ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳያስታውቁ «ግዛ» ማለትን በሕግ ከልክሏል።

ይህ ግን ያለ ፈቃድ ለሚቀዳ ሰው ምክንያት አይሆነውም፤ ጨዋታውን የሠራው የድካሙ ዋጋ ይገባዋልና። ስለዚህ ካቴኪስቶቻችን ለወጣቱ ሁለቱንም ያስተምሩ፦ ገዢው የሰው ድካም አይስረቅ፤ ሻጩም የሸጠውን ሸጥሁ፥ ያከራየውን አከራየሁ ይበል።