ከመጣል በፊት መውደቅ

ልጁን ይዞ ወደ ጁዶ ትምህርት ቤት የሚሄድ አባት የሚሻው ምንድን ነው? ልጁ እንዳይደበደብ ነውን ወይስ እንዲደበድብ? ለራሱም ሳይገለጽለት ዐይኑ መደርደሪያው ላይ ባሉት ዋንጫዎች ያርፋል፤ ዋንጫው የትልልቆቹ ነው፤ ለስድስት ዓመት ሕፃን ምን ይፈይድለታል!

እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ኮዶካንን የመሠረቱትን ጂጎሮ ካኖን፣ በልጅነታቸው ደቃቃ ስለ ነበሩ፣ ጉልበተኞች ያንገላቷቸው ነበር። ይሁንና በእርሳቸው ጁዶ ጀማሪው ጓደኛውን ከመጣሉ አስቀድሞ መውደቅን ይማራል፤ አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ምንጣፉን በክንዱ መትቶ። ልምምዱ ገላውን አምኖ በሚሰጥ ባልንጀራ ላይ ነውና።

አባትየው እንግዲህ ምንጣፉ ዳር ጥቂት ይቀመጥ። ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ የመምህሩ ዐይን ቀድሞ ወደ ማን ይዞራል? ወደ ወደቀው ወይስ ወደ ጣለው?