«ስፍራ አልቀረም»፦ የአንድ የሰርቨር ቃል አንድምታ

ዘሩ እንዲህ ይላል። «የጋራ ማህደረ ትውስታ ክፍል መፍጠር አልተቻለም፤ በመሣሪያው ላይ ስፍራ አልቀረም። የተሰናከለው ጥሪ ሽምጌት፤ ቁልፍ 5433001፣ መጠን 4395630592፣ 03600።»

ተናጋሪው ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት ነው፤ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሊነሣ ሽቶ መነሣት ሲሳነው በመዝገቡ ጽፎት የሚቀር ቃል ነው፤ እኛ ወደ አማርኛ መልሰነዋል። ለይፋት ቆላ ሰው ይህ ምኑ ነው ቢሉ፦ ጤና ሚኒስቴር በአገር ደረጃ የሚገለገልበት ዲኤችአይኤስ ቱ፣ ትውልዱ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጤና መረጃ ሥርዓት፣ የሚያድረው በዚሁ ቋት ላይ ነውና፤ ክረምቱ ሲወጣ በሸዋ ሮቢት የሚቆጠረው የወባ ሕመምተኛ ቁጥርም የሚያርፈው ከዚያ ነው።

«የጋራ» አለ። ፖስትግሬስ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ አንድ አንድ ፕሮሰስ ይወልዳል፤ የተወለዱትም የየራሳቸው ማህደረ ትውስታ አላቸው፣ አንዱ የሌላውን አያይም። ከዲስክ የተነሣውን ገጽ ፕሮሰሱ ሁሉ ለየብቻው ቢይዘው ራሙ ባለቀ ነበር፤ ስለዚህ ገጹን በአንድ ስፍራ አኑሮ ሁሉም ከዚያ እንዲያነብ አደረገ፤ ለቁጠባ ሲል «የጋራ» አለ። አንድም፣ ለስምምነት ሲል ነው። ሁለት ጸሐፍት አንዱን መስመር በአንድ ጊዜ ሊያርሙ ቢመጡ፣ ማን ቀድሞ እንደ ቆለፈ የሚታወቀው የቁልፉ ሰሌዳ ለሁለቱም በሚታይበት ሲቀመጥ ነው፤ ራም ቢትረፈረፍ እንኳ ይህ ምክንያት አይቀርም። ሐተታ። ዩኒክስ ከጥንት ፕሮሰስን ከፕሮሰስ የሚለይ ነው፤ በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው ሲስተም ፋይቭ ሽምጌትን ይዞ መጥቶ ከመካከላቸው የጋራ ስፍራ ለየላቸው።

«መፍጠር አልተቻለም» አለ። ያልቻለ ማን ነው ቢሉ፦ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ ነው፤ ፖስትግሬስ ለመነ፣ ከርነሉ ከለከለ፤ ስለዚህ የሚታረመው በሲስሲቲኤል የሚጻፈው የከርነሉ ወሰን ነው። አንድም፣ ፖስትግሬስ ነው፤ አብዝቶ ለምኗልና፤ ስለዚህ የሚታረመው በራሱ ፋይል የተጻፈው ልመናው ነው። ሁለቱም ይገባል፤ ራሙ ሰፊ ለሆነለት የፊተኛው፣ ለጠበበበት የኋለኛው ይስማማል።

«በመሣሪያው ላይ ስፍራ አልቀረም» አለ። ላዩን ለሚያይ ዲስክ ሞላ ማለት ይመስላል። በዚህ ስፍራ ግን አይደለም፤ ከርነሉ ለዲስክ የሚናገረውን ቃል ለዚህም ተውሶ ይናገራልና፤ ፖስትግሬስም ይህን አውቆ ከቃሉ ግርጌ «ዲስክ አልቋል ማለት አይደለም» ብሎ ያስጠነቅቃል። (ግርጌውን ሳያነቡ የቆየ መዝገብ ሲሰርዙ የሚያድሩ ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም፤ ዲስኩ እኩሌታው ባዶ መሆኑን በዓይናቸው ካዩ በኋላ እንኳ።)

እንግዲህ ያለቀው ምንድር ነው ቢሉ፦ በጋራ ሊያዝ የተፈቀደው የጠቅላላው ልክ ነው፤ ሽምኦል ይባላል። አንድም፣ የክፍሎቹ ብዛት ነው፤ ሽምኤምኒ ይባላል፤ በሊኑክስ ሳይነኩት 4096 ነው። ሽምማክስ የሚባል ሦስተኛ ወሰን አለ፤ የአንዱን ክፍል መጠን የሚወስን ነው። እርሱ ሲጣስ ግን ቃሉ ይለወጣል፤ «የማይገባ ግብዓት» ይላል እንጂ «አልቀረም» አይልም። ስለዚህ ይህን ዘር አይቶ ሽምማክስን የሚያሰፋ ሰው ያልተጠየቀውን መለሰ።

በጣርማ በር ቁልቁለት ግርጌ፣ በሸዋ ሮቢት፣ የሮቢን ወንዝ ጠልፎ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ሦስቱን ወሰን ሳይነገረው ያውቃቸዋል። ለአንድ ቦይ ከዚህ በላይ አይለቀቅም የሚል ልክ አለ፤ ለቦዮቹ ሁሉ በድምሩ የሚጠለፍ ልክ አለ፤ ከጠለፋው ስንት ቦይ ይነሣ የሚል ልክም አለ። የውሃ አባቱ «ለዛሬ አልቋል» ቢለው ወንዙ ደረቀ ማለቱ አይደለም፤ ወንዙ በፊታቸው እየፈሰሰ የተቆረጠው ድርሻ ሊያልቅ ይችላልና። ሰርቨሩም 32 ጊጋባይት ራም ይዞ፣ የሚበዛው ሥራ ፈትቶ፣ «ስፍራ አልቀረም» ሊል ይችላል፤ ያለቀው ልኩ ነው።

«መጠን 4395630592» አለ። ይህ በባይት ነው። በፖስትግሬስ ፋይል ሼርድ በፈርስ የተባለው የገጾች የጋራ ማኖሪያ 4 ጊጋባይት ይሁን ተብሎ ሳለ ልመናው ከዚያ በ96 ሜጋባይት ይበልጣል። ትርፉ ከየት መጣ ቢሉ፦ የቁልፉ ሰሌዳ፣ ለደንበኞች ቁጥር የሚያዘው ስፍራና ወደ ዲስክ ለሚሄደው መዝገብ የሚጠበቀው ማረፊያ ተጨምሮ ነው። ስለዚህ ሽምማክስን ልክ 4294967296 አድርጎ «በቃ» የሚል ይከለከላል።

አንድም፣ መጠኑ በገጽ ይታያል። ሽምኦል የሚቆጠረው በባይት አይደለም፤ በገጽ ነው፤ አንዱ ገጽ እንደ ልማዱ 4096 ባይት ነው። ይህን ዘንግቶ ለሽምኦል የባይት ቁጥር የሚጽፍ ወሰኑን በአራት ሺህ እጥፍ አሰፋው፤ ወሰን የለም ከማለት አይለይም። የዘሩ መጠን በገጽ ሲመለስ 1073152 ይሆናል። ከ3.16 በፊት በነበረው ሊኑክስ ሽምኦል ሳይነኩት 2097152 ገጽ፣ ይኸውም 8 ጊጋባይት ነው። አንዱ ቋት ተነሥቶ ገብቷል እንበል፤ በዚያው ሰርቨር ለመለማመጃ የተቋቋመ፣ መጠኑ ከፊተኛው የተካከለ ሁለተኛ ቋት ሲመጣ ድምሩ 2146304 ይሆናል፤ ከልኩ በ49152 ገጽ አለፈ። የፊተኛው በሰላም ሲሠራ የኋለኛው «አልቀረም» ተባለ።

የኋለኛው መሆኑ በምን ይታወቃል ቢሉ፦ «ቁልፍ 5433001» ብሏልና። ፖስትግሬስ የሚያዳምጥበትን ፖርት በሺህ አብዝቶ አንድ ይጨምርበታል፤ የተለመደው ፖርት 5432 ነው፤ 5433 ያለው ሁለተኛው ነው። አንድም፣ ቁልፉ ለመለያ ብቻ አይደለም፤ ሁለት አስተዳዳሪ ፕሮሰሶች በአንድ የመረጃ ማውጫ ላይ እንዳይነግሡ ዘብ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ12ኛው ዕትም ወዲህ ቁልፉ የሚወጣው ከፖርቱ ሳይሆን ከመረጃ ማውጫው መለያ ቁጥር ነው፤ ዘብነቱን አስበልጦ ፖርት መንገሩን ተወ።

«03600» አለ። በስምንት ቤት የተጻፈ ነው፤ ሦስት ቃል በአንድ ተሸምኗል። 01000 «ከሌለ ፍጠር» ነው፤ 02000 «ቀድሞ ካለ እምቢ በል» ነው፤ 0600 «ባለቤቱ ብቻ ያንብብ፣ ይጻፍ» ነው። ስለምን እምቢ በል አለ ቢሉ፦ የሞተውን ቋት ክፍል ሳያውቅ እንዳይወርስ ነው። አንድም፣ ያልሞተውን እንዳይረግጥ ነው።

በዚህም አይፒሲኤስ የሚባለው ትእዛዝ ይነሣል። በሰርቨሩ ያሉትን ክፍሎች ከነባለቤታቸው፣ ከነመጠናቸው፣ የተጣበቁባቸውን ፕሮሰሶች ቁጥር ጨምሮ ያሳያል። ቁጥሩ ዜሮ የሆነው ባለቤቱ ትቶት የሞተ ነው፤ በአይፒሲአርኤም ትእዛዝ ቢያነሡት ስፍራ ይለቀቃል። ዜሮ ያልሆነውን ግን አይንኩ፤ አስተዳዳሪው በግድ ቢገደልም ልጆቹ በሕይወት ሊቀሩ ይችላሉና። ክፍሉን አንሥቶ ሌላ አስተዳዳሪ የሚያስነሣ ሰው ሁለት እጅ በአንድ መዝገብ እንዲጽፍ ፈቀደ፤ የዚያን ጥፋት ወሰን በማስፋት አይመልሱትም። በእኔ አስተያየት ወሰን ከማስፋት በፊት ማን እንደ ያዘው መመልከት ይቀድማል።

ቃሉ አላረጀም ወይ ቢሉ፦ በአንድ ፊት አርጅቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ፖስትግሬስ 9.3 ትልቁን ስፍራ በሌላ መንገድ መለመን ጀመረ፤ በሲስተም ፋይቭ ሥርዓት የቀረው ለዘብነት የሚበቃ ጥቂት ባይት ብቻ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ሊኑክስ 3.16 ደግሞ ሽምማክስንና ሽምኦልን ሳይነኳቸው ሊደረስባቸው በማይቻል ልክ አሰፋቸው።

አንድም፣ አላረጀም፤ ግሡን ለውጦ ተመለሰ እንጂ። ዛሬ ቋቱን በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ የሚያስነሣ ሰው አንድ ከባድ ሪፖርት ለብዙ ፕሮሰስ ተከፋፍሎ ሲሠራ «ክፍሉን ማስፋት አልተቻለም፤ በመሣሪያው ላይ ስፍራ አልቀረም» የሚል ያነባል። የጥንቱን ትርጓሜ ይዞ ሦስቱን ወሰን ቢያሰፋ አይፈወስም። ኮንቴይነሩ ለጋራ ማህደረ ትውስታ የሚሰጠው በዴቭ ሥር ሽም በተባለ ማውጫ ላይ የተሰቀለ የፋይል ሥርዓት ነው፤ ስፋቱም ካልታዘዘ 64 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ የሞላውም እርሱ ነው። ከላይ «አይደለም» ያልነው የላይኛው ትርጓሜ በዚህ ስፍራ በእውነት ይገባል፤ በዲኤፍ ትእዛዝ የሚያይም የማውጫውን ጠባብ ልክ ያገኘዋል። ስፋቱ የሚታዘዘው ኮንቴይነሩ ሲፈጠር ነው፤ በሚሠራው ላይ አይጨመርም፤ መረጃው ከኮንቴይነሩ ውጭ በተቀመጠ ማውጫ መኖሩን አረጋግጦ፣ አሮጌውን አንሥቶ በሰፋ ልክ እንደ ገና መፍጠር ነው።