ፈረሱ ደኅና አይደለም የሚል ጋላቢ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለውን ምሳሌ ከአባቶቻችን ሰምተናል። ፈረሱ የሚችለውን ያደርጋል፤ የቀረው ግን በላዩ የተቀመጠው ሰው ፈንታ ነው። ዛሬ የምናስበው ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በውጭ አገር በእሽቅድምድም ፈረስ ላይ ተቀምጦ እንጀራውን የሚያገኝ ጋላቢ ፈረሱ ደኅና አለመሆኑን ቢያምን፥ ማስረጃ ግን ባይኖረው፥ «አልጋልብም» ማለት ይገባዋልን?

የእሽቅድምድም ፈረስ ክብደቱ ወደ 500 ኪሎ ይጠጋል፤ በሰዓትም ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ይህም ሁሉ የሚያርፈው በቀጫጭን እግሮች ላይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. ባርባሮ የተባለው ፈረስ በአሜሪካ ታላቁን የኬንታኪ ደርቢ ካሸነፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ ሩጫ ላይ የኋላ እግሩ ተሰበረ። ሐኪሞች ስምንት ወር ያህል ደከሙለት፤ ሊያድኑት ግን አልቻሉም። ፈረስ በሩጫ መካከል ሲወድቅ ደግሞ ጋላቢው ይወድቃል፤ ከኋላ የሚመጡትም ይሰናከላሉ።

እርግጥ ከሩጫው በፊት የእንስሳት ሐኪም ይመረምራል። ሆኖም ሐኪሙ በዓይኑና በእጁ ያላገኘውን ጋላቢው አንዳንድ ጊዜ በጭኑና በልጓሙ ያውቀዋል። የበለዓም አህያ አፍ ተሰጥቷት ተናገረች፤ የእሽቅድምድም ፈረስ ግን በዚያች ሰዓት ከጋላቢው በቀር አፍ የለውም።

ኖቬምበር 5 ቀን 2010 ዓ.ም. በሉዊቪል ከተማ የሆነውን እንመልከት። ላይፍ አት ቴን በተባለች ባዝራ ላይ ብዙ ገንዘብ ተወራርዶ ነበር። ስመ ጥሩው ጋላቢ ጆን ቬላስኬዝ ሩጫው ሳይጀመር ባዝራይቱ እንደ ወትሮዋ ሰውነቷን አለማሟሟቋን ለቴሌቪዥን ጠያቂ ተናገረ፤ ለሐኪሙ ግን አልነገረም። ነገሩ ለሩጫው ዳኞች ደረሰ፤ እነርሱም ሐኪም አልጠሩም። ባዝራይቱ ተሰለፈች፤ ጋላቢውም አላስጨነቃትም፤ ከሁሉም ርቃ በመጨረሻ ገባች። በኋላ ምርመራ ተደረገ፤ ጋላቢውም 10,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ይህን የጻፍነው በሰውየው ላይ ለመፍረድ አይደለም። የተናገረው ቃል እውነት ነበረ፤ ነገር ግን ሩጫውን ሊያስቆም ለማይችል ጆሮ ተነገረ። ከዚህ የምንማረው፥ እውነትን መናገርና በእውነት መቆም ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ነው። ያወቅነውን ማስቆም ለሚችለው ሰው ካልነገርን፥ ሸክሙ ገና ከጫንቃችን አልወረደም።

«ቢሳሳትስ?» የሚል ይኖራል። ፈረሱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ብዙ ወጪ አውጥቷል፤ ሕዝቡም ገንዘቡን አስይዟል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሁለቱን ስሕተቶች በሚዛን እናስቀምጣቸው። ጤነኛውን ፈረስ በስሕተት ያስቀረ ሰው የአንድ ቀን ሩጫ ያጠፋል፤ ሩጫም ነገ ይመለሳል። የታመመውን በስሕተት ያስሮጠ ግን ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል፤ ነፍስም አትመለስም። ስለዚህ ጥርጣሬ ባለበት ስፍራ መከልከል ይሻላል። ጋላቢውም በስውር ሳይሆን በግልጥ፥ ምክንያቱን ገልጦ ለሐኪሙ ይናገር፤ እንዲህ ቢሆን ፍርሃትንና ተንኮልን ከሕሊና ለመለየት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ሸክሙን ሁሉ በእርሱ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ጋላቢ ሲያሸንፍ ከሽልማቱ ከአሥር አንድ ያህል ያገኛል፤ ሲሸነፍ የሚያገኘው ጥቂት ነው። «አልጋልብም» ያለ እንደ ሆነ ባለቤቱ በነገው ቀን ሌላ ሊቀጥር ይችላል። እንግዲህ እንጀራውን ለሚያስቆርጥ እውነት ሰውን ብቻውን አቁመን «ለምን ዝም አልህ?» ልንለው እንዴት ይቻለናል? የሚሰሙት ዳኞች ፈጥነው ሐኪም ይጥሩ፤ ባለቤቱም እምቢ ያለውን ሰው ፈረሱን እንዳዳነለት ወዳጅ ይቁጠረው።

ወዳጆቻችን ሆይ፥ እያንዳንዳችን በተቀመጥንበት ኮርቻ ላይ ከሌላው ቀድመን የምናውቀው ነገር አለ። ያን በጊዜው፥ ለሚገባው ሰው እንናገር። ሌላው መጥቶ «ይህ ፈረስ ደኅና አይደለም» ሲለን ደግሞ፥ ዋጋውን ከመቁጠራችን በፊት ወርደን እግሩን እንመልከት።