ያልተከፈለበት አየር

ሰው ያልከፈለበትን ነገር ሲወስድ ዕዳ ይኖርበታል? ጥያቄው የሰባኪ ይመስላል፤ እኔ ግን መካኒክ ነኝ። አዲስ አበባ፣ መሿለኪያ ካለ ጋራዥ ውስጥ ኮፈን ስከፍትና ስዘጋ ነው ያረጀሁት። ጥያቄውም የመጣብኝ ከዚያው ከኮፈን ሥር ነው።

አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። የሞተር ትምህርት የቀመሰ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ተቀምጦ ያሰበበት ግን ጥቂት ነው። 40 ሊትር ቤንዚን 30 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ያንን ለማቃጠል ሞተሩ ከ4 ኩንታል በላይ አየር መሳብ አለበት። ደንበኞቼ በቤንዚን ዋጋ ሲማረሩ ይውላሉ፣ ማደያ ይሰለፋሉ፣ ሊትሯን ከኪሎ ሜትሯ ጋር ያሰላሉ። ስለ አራቱ ኩንታል ትንፍሽ ያለኝ ግን የለም። መኪናችንን የሚያስኬደው በአብዛኛው ያልከፈልንበት ነገር ነው፤ የምንቆጥረው ደግሞ የከፈልንበትን ብቻ።

ስለ አየር ብሎ የመጣው አንድ ጎረምሳ ነው፤ ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ፣ በአሮጌ ቪትዝ የራይድ ሥራ የሚሠራ። “ጋሼ፣ ኮልድ ኤር ኢንቴክ ይግጠሙልኝ” አለኝ። ዕቃውን በካርቶን ይዞታል፦ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ቀይ ሾጣጣ ፊልትሮ፣ ሁለት ፋሸታ። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ፋብሪካው የሠራውን የፊልትሮ ሳጥን ታወጣና ይህን ትተክላለህ። ሰፊና ለስላሳ መንገድ ያገኘ ሞተር እንደ ልቡ ይስባል። አየሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ እፍግ ያለ ስለሆነ በአንድ ጉርሻ ብዙ ይገባል።

የልጁ ችግር እውነተኛ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ጂቡቲ ወደብ ላይ ጥሎ ነው የሚመጣልን። ሰው ከፍታውን ይለምደዋል፤ ሯጮቻችንማ ሀብት አድርገውታል። ብረት ግን አይለምድም።

ስሌቱ እዚህ ላይ አያበቃም። አየር በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ እፍጋቱ የሚጨምረው ከመቶ 3 ያህል ነው፤ ከፍታው የወሰደውን ሩብ የትኛውም ቱቦ አይመልሰውም። በዚያ ላይ የአብዛኛው መኪና የፋብሪካ ሳጥን ድሮውንም አየር የሚስበው ከፊት፣ የራዲያተሩ ሙቀት ከማይደርስበት ቦታ ነው። የልጁ ሾጣጣ ፊልትሮ የሚቀመጠው ግን ኮፈኑ ውስጥ፣ ከሞተሩ ጎን ነው። አመሻሽ ላይ ከመስቀል አደባባይ ወደ ዑራኤል በሚወስደው መንገድ ተሰልፎ ሲቆም፣ ማራገቢያው የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይጠጣል። እንዲህ ያለው የተገጠመለት አንድ መኪና ግቢያችን ውስጥ ስለነበረ ስካነር ሰክቼ አሳየሁት። ውጭው ጃኬት የሚያስለብስ ነው፤ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግን ከ50 ዲግሪ በላይ።

ልጁ ሳቀና፣ “ገብርኤል የፈላውን ጋን አቀዝቅዞት የለ? እርስዎ ቢጸልዩበትስ?” አለኝ። ቂርቆስ ታቦት ጥላ ሥር ያደገ ሰው ሁሉ ሐምሌ 19 የሚታሰበውን ታሪክ ያውቀዋል። ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ሲጣሉ መልአኩ አቀዘቀዘላቸው። በቀልዱ ሳቅኩ፤ ውሎ አድሮ ግን ከነከነኝ። እናትና ልጅ አንድ ጋን ውስጥ ነበሩ፤ ለአንዱ የቀዘቀዘው ለሌላውም ቀዘቀዘ። እኛ የምንመኘው ቅዝቃዜ የብቻ ነው፤ ቀዝቃዛው ለእኔ ሞተር ይግባ፣ ትኩሱ ለኋላዬ ይሁን። ቅዝቃዜው ለብቻ የሚታደልበት ታሪክ ቢሆን ኖሮ፣ ተአምር ብሎ የሚያነግሠው ሰው አይገኝም ነበር።

የቪትዙን ሳጥን ከፈትኩ። ማያያዣዎቹ ተነሥተው ክዳኑ ሲገለጥ የወረቀቱ ፊልትሮ እጥፍጥፍ ብሎ ይታያል። ከላይ ጥቁር ጥላሸት ለብሷል፤ የናፍጣ መኪኖች ትተውት ያለፉት ነው። እጥፋቱን በጣት ሲገልጡት ግን ሥሩ ቡናማ ዱቄት ሞልቶበታል። በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ በሰፈሩ የሚመላለሱ መኪኖች ፊልትሮ ሁሉ እንዲህ ሆኖ ነበር የሚመጣልኝ፤ ልጁም ከዚያ ወዲህ አልቀየረውም። መሬት ላይ መታ መታ ሳደርገው ዱቄቱ ሲሚንቶው ላይ ተበተነ። ጎንበስ ብሎ አየውና፣ “እዚህ ውስጥ የእኛም ግድግዳ አይጠፋም” አለ። ቤታቸው የጭቃ ነበር። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ቤተሰቡ ገላን ጉራ ነው፤ እሱ ጠዋት ጠዋት ወደ ተወለደበት ሰፈር ለሥራ ይመጣል።

ኦሪት ዘፍጥረት ሰው ከምድር አፈር ተበጅቶ የሕይወት እስትንፋስ እፍ እንደተባለበት ይተርካል። ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ተሸክሞ ይኖራል፤ ሞተር አይችልም። ፊልትሮ የተሠራው አፈሩን ከእስትንፋሱ ለመለየት ነው። አፈሩ ካለፈ ፋሻውንና ሲሊንደሩን ይፈገፍጋል፤ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል። ቀዳዳው የሰፋ ርካሽ ፊልትሮ አየሩን ያበዛል፣ አፈሩንም አብሮ ያስገባል። የበዛ ሁሉ በረከት እንዳልሆነ ለመካኒክ መስበክ አያስፈልግም።

ላልከፈሉበት ነገር ዕዳ አለ ወይ ለሚለው ጥያቄዬ ሁለት የተዘጋጁ መልሶች አሉ። አንደኛው “ተመስገን በል፣ በተሰጠህ ኑር” የሚለው ነው። አልወደውም። ይህ ምክር ሁልጊዜ የሚነገረው ለጎደለበት እንጂ ለተረፈው አይደለም። ዳገት ላይ ተሳፋሪ ጭኖ የሚያቃስት መኪና ያለው ልጅ ጉልበት ቢመኝ ምስጋና ቢስ አይባልም። የተሻለ መፈለግ ኃጢአት ቢሆን ጋራዥን የሚያህል የኃጢአት ቤት ባልነበረ።

ሁለተኛው “አየር የእግዜር ነው፣ ማን ይከለክለኛል?” የሚለው ነው። ይህንን ያፈረሰልኝ የጋራዣችን ኤሌክትሪሺያን ነው። ሙስሊም ነው፤ ለሶላት ሲታጠብ ውሃዋን በጣሳ መጥኖ ነው። በሚፈስ ወንዝ ዳር ብትሆን እንኳ በውዱእ ውሃ እንዳታባክን የሚል ትምህርት ከነቢዩ መተላለፉን ነገረኝ። ወንዙ በጣሳ ተቀድቶ አያልቅም፤ ታዲያ ልኩ ለምን አስፈለገ? ልኩ የተቀመጠው ለወንዙ ታስቦ አይመስለኝም፤ ለታጣቢው ነው። በነፃ ያገኘውን መመጠን ያልለመደ ሰው የከፈለበትንም አይመጥንም።

እኔ ከሞያዬ አንድ ነገር ልጨምርበት። የውዱእ ውሃ ወደ ወንዙ ሲመለስ እምብዛም አልተለወጠም። ከሞተር የሚወጣው አየር ግን የገባው አይደለም፤ ኦክስጅኑ ተበልቶ፣ መርዝና ጥላሸት ተጨምሮበት ነው የሚመለሰው። ልጁ “ማርሚታውንም ይክፈቱልኝ፣ ድምፅ ይኑረው” ብሎኝ ነበር። ከኋላው ማን አለ? ሌላ መኪና አለ፤ እሱስ ፊልትሮ አለው። ዑራኤል ደጅ ጧፍ የምትሸጠው ሴት ግን ምንም የላት። ዕዳውን ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። ሰጪው ዋጋ አልጠየቀንም፤ ብንከፍለውም የሚጎድለው የለም። ዕዳችን ከእኛ ቀጥሎ ለሚተነፍሰው ነው።

ይህን ሐሳብ የሚፈታተን ነገር አለ። ሰፈሩ ፈርሶበት፣ አቧራውን ከማንም በፊት የሳበ ልጅ ላይ ዕዳ መቁጠር ፍርድ ነው? ከጥር 2016 ዓ.ም ወዲህ በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከልክሏል። አቅም ያለው ጭስ በሌለው መኪና ያልፋል፤ አሮጌ ሞተር ይዞ የሚቀረው ያልቻለው ነው። እንዲህ ከሆነ ንጹሕ መሆንም በገንዘብ የሚገዛ ሊመስል ነው።

የማምንበት መልስ ከወንጌሏ መበለት የተማርኩት ነው። ሁለቱን ሳንቲሞች የጣለችው ሴት ከባለጸጎቹ አብልጣ ሰጠች የተባለው ስጦታው በአቅም ስለተለካ ነው፤ ዕዳም እንዲሁ ይለካል። ባለ ባትሪው ጭስ ስለሌለው ብቻ አይጸድቅም፤ ብዙ የቻለ ብዙ ይጠየቃል። ባለ ቪትዙም ስላልቻለ ብቻ ነፃ አይወጣም። የሚችለው አለ፦ ፊልትሮውን በጊዜው መቀየር፣ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ሞተር ማጥፋት፣ ማርሚታውን አለመቅደድ። ትንሽ ናት፤ ግን የእሱ ናት። ከእሷም ነፃ ነህ ብለው፣ አንተ ከቁጥር አትገባም እንዳልኩት እቆጥረዋለሁ።

የቪትዙ አየር መሳቢያ ቱቦ ተሰንጥቆ ከኮፈን ውስጥ ትኩስ አየር ሲስብ አገኘሁት። ቱቦውን ቀየርኩ፣ አዲስ የወረቀት ፊልትሮ አስገባሁ፣ ሁሉንም አጥብቄ ዘጋሁ። ዋጋው ከካርቶኑ ዕቃ ያነሰ ሆነ። ልጁ ዳገት ላይ እንደተሻለው ነገረኝ፤ ድምፁ ስላልመጣ ግን ቅር ብሎታል። ኢንቴኩን ሶማሌ ተራ ወስዶ ሸጦታል። ገዢው አንድ ቀን ካርቶኑን ታቅፎ እኔው ጋ ይመጣ ይሆናል። ስለ አየሩ እከራከረዋለሁ፤ ከጸናም የመኪናው ባለቤት እሱ ነው፣ እገጥምለታለሁ። ማርሚታውን ግን አልነካም፤ ከማርሚታው ወዲያ ያለው አየር የእሱ ብቻ አይደለምና።