ማን አጨበጨበለት?

ባለፈው ክረምት ከሚሴ ሳለሁ አጎቴን በስልኬ አንድ የቆየ ሙዚቃ አሰማኋቸው። አጎቴ በየሠርጉ ድቤ የሚመቱ ሰው ናቸው፤ «ይመቱ የነበሩ» ብል ሳይሻል አይቀርም። ዜማው «አምባሰል» ነበርና ወዲያው አወቁት። እንዴት አያውቁት፣ የወሎ ሰው ናቸው! ትንሽ አዳምጠው፣

«ድቤውን ማነው የሚመታለት?» አሉኝ።

«ማሽን ነው፣ አጎቴ።»

«ማን አጨበጨበለትስ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለማን ነው የሚጫወተው?»

መልስ አጣሁ። ውድ አንባቢ፣ ይህች ጽሑፍ ያን መልስ ፍለጋ የወጣች ናት።

ሙዚቃው ኃይሉ መርጊያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 አሜሪካ፣ ዋሽንግተን የቀዳው «ሸሞንሟናዬ» ከተባለው ካሴት ነው። አኮርዲዮኑንም፣ ሞግ ሲንተሳይዘሩንም፣ ሮድስ ፒያኖውንም የተጫወተው ራሱ ነው፤ ምቱን የያዘለት የከበሮ ማሽን ነው። አንዱን ድምፅ ቀድቶ ሌላውን በላዩ ይደርባል፤ ጠያቂውም እሱ፣ መላሹም እሱ። ዋልያስ ባንድ ወደ አሜሪካ የሄደው በ1981 ነበር። ከጉዞው በኋላ ገሚሱ አገር ቤት ተመለሰ፤ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በእነዚያው ዓመታት ጃፓናዊው ሃሩኦሚ ሆሶኖም በ1982 «ፊልሃርሞኒ»ን በማሽን ሠርቷል፤ የእሱ ባንድ ግን ገና አልተበተነም ነበርና ብቻውን መሥራቱ ምርጫ ነው። የኃይሉን ምርጫ ለማለት አፌ አይደፍርም።

አሁን ወደ ከሚሴ ልመለስ። ዓምና በዘመዳችን ሠርግ ድቤ መቺ አልተጠራም። አንድ ወጣት ኪቦርድ ይዞ መጣና ቁልፍ ሲነካ ድቤውም ጭብጨባውም ከውስጡ ወጣ። አጎቴ እንደ ማንኛውም እድምተኛ ጥግ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በጣታቸው ሲመቱ አየኋቸው። ምታቸው ከማሽኑ ጋር አልገጠመም። እሳቸው እኮ የሚጨፍረው ሲደክም ያላሉለታል፣ ሲግል ያፈጥኑለታል፤ ማሽኑ ማንንም አያይም።

ማሽኑ ያው ማሽን ነው፤ ሥራው ግን አንድ አልመሰለኝም። ኃይሉ ማሽኑን ያስቀመጠው ሰው በሌለበት ቦታ ነው። እኛ ሰውየው እዚያው ተቀምጦ እያየን ነው ቦታውን ለማሽን የሰጠነው። ልጁን ምን አድርግ እለዋለሁ? እሱም ይብላ እንጂ። ለአንድ ሰው መክፈል ለአምስት ከመክፈል ይቀላል፤ ይህንንም አልክድም። እኔማ ምን አፍ አለኝ? ኪቦርዱ ይጠራ ያልኩት እኔው ነበርኩ። «ዘመናዊ ነው» ብዬ።

ኃይሉ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ትንሽ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2013 ብሪያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ ዳግም ሲያሳትመው፣ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ከበሮውን የመታለት ሰው ነው። ሰው ሲያገኝ ሰው ይዟል ማለት ነው።

ይህንን ለአጎቴ ነገርኳቸው። «አብሽር፣ ደግ አደረገ» አሉና ዝም አሉ፤ ስለ እኛ ሠርግ አንድም ቃል አላነሡ። ብትቆጡኝ ይሻለኝ ነበር ልላቸው ፈልጌ ተውኩት።

ጥር ላይ ሌላ ሠርግ አለብን። «አንተ ታውቃለህ፣ ማንን እንጥራ?» ብለው ከቤት ደውለውልኛል። እስካሁን አልመለስኩላቸውም።