ስለማይደገም ጅማሬ

ሰው በመንፈሱ ደክሞ፣ የቀድሞ ትጋቱ ጠፍቶበት፣ ጸሎቱም ከከንፈሩ አልፎ ወደ ልቡናው አልወርድ ባለው ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመኘው እንደገና መጀመርን ነው። የተሰጠው ጸጋ ጨርሶ ተለይቶት የሄደ ይመስለዋልና ያለፈው እንዳልነበረ ተቆጥሮለት ሌላ መነሻ፣ ሌላ ቃል ኪዳን፣ ቢቻልስ ሌላ ጥምቀት ቢያገኝ ይወዳል። ይህ ምኞት የቀና ነውን? ወይስ የድካሙን ምክንያት ካለመመርመር የሚመጣ ስሕተት ነው? ጥያቄው የሊቃውንት ጥያቄ ነው፤ እኔን ግን አጥብቆ ያሳሰበኝ በአምስት ኪሎ አንድ መካኒክ ለሞተር ሳይክል የተገዛ አዲስ ደረቅ ባትሪ ሲያዘጋጅ ቆሜ በተመለከትሁ ጊዜ ነው።

አምስት ኪሎ በ1940ዎቹ ዓ.ም. የተከፈተው የምሕንድስና ኮሌጅ፣ ዛሬ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው፣ ከብሔራዊ ሙዚየም ጋር ተጎራብቶ የሚገኝበት ሠፈር እንደ መሆኑ፣ ስለ ኤሌክትሪክ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያጣበትም፤ የዚያን ዕለት መምህሬ የሆነው ግን ቱታው በአሲድ የተበሳሳ ባለሙያ ነበር። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. ከፈለሰፈው ጀምሮ መሠረቱ ያልተለወጠው ይህ የእርሳስ ባትሪ፣ ደረቅ ሆኖ ሲሸጥ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ሰሌዳዎቹ በፋብሪካ ኃይል ተሞልተው፣ ታጥበውና ደርቀው፣ እርጥብ አየር እንዳይነካቸው ታሽገው ይመጣሉ፤ ኃይሉ በውስጣቸው አለ፣ የሚወጣበት መንገድ ግን ገና አልተከፈተለትም። አርስጣጣሊስ በሜታፊዚክስ ዘጠነኛ መጽሐፉ በኃይል ያለውን በግብር ከተገለጠው ለይቶ ያስተማረው እንዲህ ያለውን ሕላዌ ነው።

መካኒኩ የአየር ማስወጫውን ክዳን ነቅሎ፣ ስድስቱን ቤቶች ከፍቶ፣ ከውሃ 1.28 ጊዜ የሚከብደውን አሲድ በየቤቱ እስከ ላይኛው መስመር ሞላ። ወዲያው ጥቃቅን አረፋ ወጣ፤ የባትሪው ጎንም በእጅ ሲዳስሱት ይሞቅ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆይ ሰሌዳዎቹ ስለ ጠጡት አሲዱ ከመስመሩ ዝቅ ብሎ ተገኘና እንደገና አሟላው። የሞተሩ ባለቤት፣ ችኩል ወጣት፣ «በቃ ግጠምልኝ» አለ፤ ቢገጥምለትም ኖሮ ሞተሩ ያለ ጥርጥር ይነሣ ነበር፣ እንዲህ ያለ ባትሪ አሲድ እንደ ጠጣ ከሙሉ ኃይሉ ሦስት አራተኛ ያህሉን ይሰጣልና። መካኒኩ ግን እሺ አላለውም። ባትሪው 5 አምፔር ሰዓት ስለ ነበረ በግማሽ አምፔር ብቻ፣ ክዳኖቹ ክፍት እንደ ሆኑ፣ የሚወጣው ሃይድሮጅን እሳት እንዳያገኘው ጥግ አስይዞ፣ ለብዙ ሰዓት ቻርጅ ላይ አዋለው። «ዛሬ ካቻኮልከው ዕድሜ ልኩን ጎደሎ ነው» አለው፤ አምራቾቹም በመመሪያቸው የሚሉት ይህንኑ ነው። ሲያስረክበውም፣ «ከእንግዲህ አሲድ እንዳትጨምርበት፤ ሲጎድል የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ» ብሎ አስጠነቀቀው።

የዚህ ትእዛዝ ምክንያት በእውነቱ ሊመረመር የሚገባው ነው። ባትሪ በሥራ ላይ ሲውል በሙቀትና በቻርጅ ኃይል የሚያልቀው ውሃው ነው፤ ተገልብጦ ካልፈሰሰ በቀር አሲዱ ከቤቱ አይወጣም። ይልቁንም ባትሪው በወረደ ጊዜ ሃይድሮሜትር በሚሉት የመስታወት መለኪያ ቢመዝኑት ፈሳሹ ከ1.28 ወደ 1.12 ገደማ ወርዶ፣ ቀጥኖ ይገኛል፤ የማያውቅ ሰው አሲዱ ጠፋ ብሎ ሌላ ይጨምርበታል። አሲዱ ግን አልጠፋም፤ ከእርሳሱ ጋር ተዋሕዶ በሰሌዳዎቹ ውስጥ ተሰውሯል፣ ቻርጅ ሲደረግም ከተሰወረበት ወጥቶ ወደ ፈሳሹ ይመለሳል። እንግዲህ በዚህ ላይ ሌላ አሲድ የጨመረ ሰው፣ የተሰወረው በተመለሰ ጊዜ ፈሳሹን ከልክ በላይ አበርትቶ ሰሌዳዎቹን ያስበላል። አዲስ ሕይወት የሰጠ መስሎት ያለውን ዕድሜ ያሳጥራል።

ቤተ ክርስቲያናችን ከሰባቱ ምሥጢራት ጥምቀትን፣ ሜሮንንና ክህነትን የማይደገሙ፣ ንስሐንና ቁርባንን ግን ዘወትር የሚደገሙ አድርጋ መለየቷ፣ ለብዙ ሰው የሥርዓት ጉዳይ ብቻ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ስለ ሰው ባሕርይ የተነገረ ጥልቅ ቃል ሆኖ ይታየኛል። የደከመው ክርስቲያን ያጣው የመጀመሪያውን ሀብት አይደለም፤ ሀብቱ በድካሙ ውስጥ ተሰውሮ አለና የሚያስፈልገው የሚመልሰው እንጂ የሚተካው አይደለም። ሃይማኖቱን ለውጦ የተመለሰ ሰው እንኳ ቢሆን፣ ካህናቱ መጽሐፈ ቄደር ደግመው በተጸለየበት ውሃ ያነጹታል እንጂ የልጅነቱን ጥምቀት እንዳልነበረ ቆጥረው እንደገና አያጠምቁትም። ይህን ታላቅ ርኅራኄ እለዋለሁ፤ በካደበት ዘመን እንኳ የተሰጠው እንዳልተነጠቀ ይመሰክርለታልና።

በልብነ ድንግል ዘመን፣ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በጥር ወር ሕዝቡ ወደ ውሃው ሲወርድ አይቶ ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ እንደገና ይጠመቃሉ ብሎ ጻፈ። ዛሬም ከአምስት ኪሎ ብዙም በማይርቀው በጃን ሜዳ በጥር 11 የሚረጨውን ውሃ የሚያይ እንግዳ እንዲሁ ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን ያ ውሃ የጌታን ጥምቀት የምናስብበትና በረከት የምንቀበልበት ነው፤ ከባሕሩ የሚመለሰው ሕዝብ ሌላ ክርስትና ተነሥቶ አይመለስም።

እያንዳንዱን ዕቃ ከእያንዳንዱ ምሥጢር ጋር ማሰር አይገባም፤ እርሳስ ፈቃድ የለውም፣ ነፍስ ግን ትፈቅዳለች፣ ትመርጣለች። ስለ መዘግየት ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ወርዶ ወዲያው ቻርጅ የተደረገ ባትሪ በደኅና ይመለሳል፤ ወርዶ ለወራት የተተወ ግን በሰሌዳዎቹ የተሰወረው ነገር እየጠጠረ ሄዶ በመጨረሻ በምንም ቻርጅ አልመለስ ይላል። ንስሐን ለእርጅና የሚያቆየው ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። የእግዚአብሔር ምሕረት ስለማያልቅ የእኔም የመመለስ ችሎታ አያልቅም ብሎ ያስባል፤ ልብ ግን መጠጠርን ይለምዳል።

መካኒኩ ሊያቻኩለው እንቢ ስላለው ስለ መጀመሪያው ሰዓት ደግሞ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ፣ ሜሮን ተቀብታ ሥጋ ወደሙ ስትቀበል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀስ ያለ ማስተማር የሚረከበው የክርስትና አባት ወይም እናት ነው። ሕፃኑ ለራሱ ሊጠብቅ አይችልምና የሚጠብቁለት እነርሱ ናቸው። በከተማችን ግን ይህ ኃላፊነት የአንድ ቀን ክብር ወደ መሆን እያዘነበለ ነው፤ ነጠላውና የአንገት ማተቡ ተገዝቶ፣ ድግሱ ተበልቶ፣ ፎቶግራፉ ተነሥቶ ካበቃ በኋላ፣ የክርስትና ልጁ አቡነ ዘበሰማያትን ማን እንዳስጠናው፣ የንስሐ አባት ይኑረው አይኑረው፣ ጾምን በስንት ዓመቱ እንደ ጀመረ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥ የክርስትና አባት ጥቂት ነው። ካህናቱ ሕፃኑን ከማጥመቃቸው አስቀድመው የክርስትና አባቱን ለብቻው አስቀምጠው፣ በሚቀጥሉት ሰባት ዓመታት ምን ምን ሊያስተምረው እንዳሰበ ቢጠይቁት፣ አጥጋቢ መልስ ያላገኙ እንደ ሆነም ሌላ ሰው እንዲቀርብ ቢያዝዙ፣ ቤተ ሰቡ ለጊዜው ቅር ቢለውም እኔ ከካህናቱ ጋር እቆማለሁ።